በኅዳር ሚካኤል የተሰደበው ጫማ ሰፊ

ወልደ ኢየሱስን የሰደበው ሻምበል ግሩም ነው። የሰደበውም በ2011 ዓ.ም. ኅዳር 12 ቀን፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ቦታው ከኮተቤ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ባለ አንድ የምልምል ወታደሮች ማሰልጠኛ፣ ከክሊኒኩ በር ፊት ለፊት፣ ከውሃ ሮቶው በስተግራ። አርባ ምልምሎች ሰምተዋል። አርባ መሆናቸውን ራሱ ቆጥሯቸዋል። ሰው ሲሰደብ ቆሞ ከመቁጠር ሌላ ምን ሥራ አለው?

ቀኑ ኅዳር ሚካኤል ስለነበር አዲስ አበባ ሁሉ ትታጠን ነበር። ድሮ በኅዳር ወር የገባ ወረርሽኝ ሕዝቡን ስለፈጀው፣ በየዓመቱ በዚያ ቀን በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ በሽታ ይውጣ ተብሎ ነው። ማሰልጠኛውም ምልምሎቹን አሰልፎ የባሕር ዛፍ ቅጠል አስጠርጎ ለኩሶታል። ጭሱ ግቢውን ሞልቶት ሰዳቢውም ተሰዳቢውም ዐይናቸው እንባ ያፈስ ነበር። ወልደ ኢየሱስ ታሪኩን ለሰው ሲያወራ እዚህ ጋ ሲደርስ ቆም ይላል። "ያለቀስኩት ከጭሱ ነው" ይላል፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ነገሩ የመጣው በቅልጥም ነው። ወልደ ኢየሱስ የማሰልጠኛው ጫማ ሰፊ ነው። ሥራው የምልምሎቹን ቡትስ መስፋት፣ ሶል መለጠፍ፣ ታኮ መቸንከር ነው። ኢታና የሚባል የሱሉልታ ልጅ አፉን የከፈተ ቡትስ ይዞ መጣና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ባዶ እግሩን ተቀመጠ። ወልደ ኢየሱስ የግራው ታኮ በአንድ ወገን ብቻ እንደተበላ አየ። ልጁ እግሩን እየሰረቀ ነው የሚረግጠው። ቅልጥሙን በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው ልጁ ከወንበሩ ተነስቶ ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረው።

"ትተኛለህ?" አለው።

"አልተኛም ጋሼ። ላጨኋት ልጅ ሌላ ሰው ሽማግሌ ልኮባታል ብለው ደወሉልኝ። አሥራ አንድ ሌሊት ጣራ ላይ አፍጥጬ ነው የማድረው።"

ወልደ ኢየሱስ ልጁን ክንዱን ይዞ ክሊኒክ ወሰደው። የክሊኒኩ ኃላፊ ሻምበል ግሩም ነበር። "ሻምበል" አለው በትሕትና፣ "የዚህ ልጅ ቅልጥም ደህና አይደለም። እንቅልፍም የለውም። ያልተኛ ሰው አጥንት ደግሞ አይጠገንም። ሁለት ሳምንት እንዳይሮጥ ቢያደርጉት።"

ግሩም ለልጁ ሁለት ፍሬ ፓናዶል ሰጠና ወደ ወልደ ኢየሱስ ዞረ። "ስማ አንተ ሊስትሮ! ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ ሐኪም የሆነ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ጫማ ያንተ፣ እግር የእኔ! ሂድ ታኮህን ቸንክር!"

እንግዲህ ይህን ስድብ ቃል በቃል መመርመር ያስፈልጋል፤ ወልደ ኢየሱስም ስድስት ዓመት መርምሮታል። "ሊስትሮ" አለው፤ ሊስትሮ ይቦርሻል እንጂ አይሰፋም። "ከሰባተኛ ክፍል" አለው፤ ወድቆ ሳይሆን አባቱ ሞቶበት ነው ያቋረጠው። "አንተ" አለው፤ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠዋል። ወልደ ኢየሱስም በንዴት አንድ ሁለት ቃል ወርውሮ ሄደ። ምን ብሎ እንደመለሰ ግን አያስታውስም። የተናደደ ሰው የራሱን ቃል መች ይሰማል? ደግሞስ የተሰደበው እሱ ነው፤ የእሱን መልስ መያዝ የማን ሥራ ነው?

በአራተኛው ቀን ኢታና ወደ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው ዳገት ሲሮጥ ቅልጥሙ ተሰነጠቀ። በቃሬዛ አወረዱት። ግሩም ቃሬዛውን ተቀበለ፣ እግሩን አሰረ፣ ወረቀት ጻፈ። ወልደ ኢየሱስ በር ላይ ቆሞ አንድ ነገር ጠበቀ። ግሩም ግን ቀና ብሎም አላየው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወልደ ኢየሱስ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ሁለት ቃል ብቻ ሆነ፤ ከግሩም አፍ፣ "ተሳስቼ ነበር" የምትል።

ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ የሚታሰብ ቅዱስ እንዳላት፣ ወልደ ኢየሱስም በየበዓሉ የሚታሰብ ሰዳቢ ነበረው። የግንቦት ልደታ፣ "ይህ ልጅ ድንጋይ ነው" ያሉት የአምስተኛ ክፍል መምህሩ ናቸው። ሐምሌ አምስት፣ በእድሩ ስብሰባ ንግግሩን "አሳጥረው" ያለው ሰብሳቢ ነው። ጥር ሃያ አንድ፣ "ቆዳ ቆዳ ትሸታለህ" ያለው የሚስቱ ወንድም ፍሥሐ ነው። ሚስቱ ፈትለወርቅ ሾላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ፊቱን አይታ ትጠይቀዋለች።

"ዛሬ ደግሞ የማን ነው?"

"የፍሥሐ።"

"ኧረ በማርያም! ወንድሜ ከሞተ እኮ ሦስት ዓመቱ!"

"ቃሉ አልሞተም።"

የሚገርመው በየመታሰቢያው መታመሙ ነው። ለልደታ አፍንጫው ይፈስሳል። ለሐምሌ አምስት ጨጓራው ይነሳል። ለፍሥሐ ማጅራቱ ላይ ብጉንጅ ይወጣል። ኅዳር ሲገባ ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣሉ። ፈትለወርቅ ዳማ ከሴ ጨምቃ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ለውሳ ስታበቃ ታፈጥበታለች።

"አንተን የሚያምህ ብርድ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው የሚያመኝ?"

"ሰው!"

ዘንድሮ፣ በ2017 በጥቅምት መጀመሪያ፣ ሩታ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ማሰልጠኛው መጣች። ዶክተር ናት። የመጣችበት ጉዳይ ምልምሎቹ ከገቡ በሦስተኛው ሳምንት ላይ ለምን እንደ ቅጠል እንደሚረግፉ ለማጥናት ነው። አንዱ ይስላል፣ አንዱ ቁስሉ አይድንም፣ አንዱ ጉልበቱን ይይዛል። ሩታ ነገሩ ከጭንቀት፣ ከእንቅልፍ፣ ከአኗኗር ጋር ሳይያያዝ አይቀርም ብላ ስልሳ ሁለት ጥያቄ ያለው ቅጽ አዘጋጅታለች። ለእያንዳንዱ ምልምል ለብቻው እንዲሰጠው ነበር ሐሳቧ። ሻምበል ግሩም ግን ሰዓት እንቆጥባለን ብሎ ሁለት መቶውን ሰው በሜዳው አሰለፋቸውና ራሱ ማንበብ ጀመረ።

"ተጠንቀቅ! ጥያቄ አሥራ አራት! ባለፉት አራት ሳምንታት ጭንቀት የተሰማው እጁን ያውጣ!"

ጸጥ።

"ጥያቄ አሥራ አምስት! በቂ እንቅልፍ የማያገኝ!"

ከኋላ አንዱ ቆሞ እንቅልፍ ወስዶታል። እሱም እጁን አላወጣም።

"ጥያቄ አሥራ ስድስት! ሳል ያለበት አንድ እርምጃ ወደፊት!"

ሁለት መቶ ሰው ሳሉን ዋጠ። የአንዳንዶቹ ዐይን ከመዋጡ ብዛት ወደ ውጭ ወጣ፤ እግር ግን ከመሬት አልተነሳም።

ምን ይደረግ? በእኛ አገር "እንዴት ነህ?" ሲባል መልሱ "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው። በቃሬዛ የሚሄድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ እንዲሁ ነው የሚለው። ጠያቂው ሻምበል ሲሆን ደግሞ ምስጋናው በእጥፍ ይሆናል። በሩታ ወረቀት መሠረት ያ ግቢ በምድር ላይ ካሉት ሁሉ ጤነኛውና ደስተኛው ሆኖ ተገኘ። የክሊኒኩ ሰልፍ ግን በዚያው ሰዓት ሮቶውን ዞሮ መፀዳጃ ቤት ደርሷል።

ሩታ ወረቀቶቿን ታቅፋ ስትወርድ ጭቃ የሴት ጫማዋን ሶል ገንጥሎ አስቀረባት። አንድ እግሯን እየጎተተች ከወልደ ኢየሱስ ቆርቆሮ ቤት ደረሰች።

"ይቅርታ አባቴ፣ ይሄን ማጣበቅ ይችላሉ?"

"ማጣበቅ ሌላ፣ መስፋት ሌላ። ተቀመጪ፤ አውልቂው።"

ባዶ እግሯን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እሱ ወስፌውን ሲያነሳ ሳትጠየቅ ጀመረች። "ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የለኝም። ፕሮፖዛሉን የጻፍኩት እኔ፣ የለመንኩት እኔ። ኅዳር አሥራ ሁለት ለኮሎኔሉ ሪፖርት አቀርባለሁ። ምን ልበል? ሁሉም ደህና ነው ልበል? ኦ ማይ ጋድ! ይኸው አፌን ሁሉ ቆስያለሁ።" አለችና ደንግጣ ቆመች። "ይሄን ሁሉ ለምንድን ነው የምነግርዎት?"

"ጫማሽን ስላወለቅሽ ነዋ።"

"እ?"

"ጫማ ያወለቀ ሰው ተጠንቀቅ አይቆምም። ተጠንቀቅ ያልቆመ ሰው ደግሞ አይዋሽም። እዚህ ወንበር ላይ ስድስት ዓመት ሲያወሩ ሰምቻለሁ። አንቺ ስልሳ ሁለት ጥያቄ አለሽ፤ እኔ አንድም የለኝ። አንቺ ግን ምንም አታውቂም።"

ይህን ያለው ሊያስቀይማት ነበር። እሷ ግን ዐይኗ ግድግዳው ላይ ቀረ። እዚያ ሽቦ ላይ የተሰካ፣ እንደ ቋንጣ የተንጠለጠለ ነገር ነበር። መሐላቸው የተበሳ ክብ ክብ ቁራጭ ቆዳዎች።

"ምንድን ናቸው?"

ወልደ ኢየሱስ ሳል ቀደመውና ስሎ ሲያበቃ አስረዳት። ምልምል እግሩን ጫማ ሲልጠው፣ ቁስሉ እንዳይነካ መሐሏ የተበሳች ቆዳ ቆርጦ ቡትሱ ውስጥ ያደርግለታል። ቁስሉ ሲደርቅ ልጁ ቆዳዋን ይመልሳል። ቆዳዋ ላይ ስሙ፣ የወሰደበት ቀንና የመለሰበት ቀን ይጻፋል። ጠርዟ ላይ ደግሞ በወስፌ ምልክት ይደረጋል። የመጀመሪያው ቀዳዳ፣ እንቅልፍ የለውም። ሁለተኛው፣ ያጨሳል። ሦስተኛው፣ ሆዱ ውስጥ ሰው አለ። የናፈቀው ይሁን የተቀየመው፣ ሰው ከሆነ ያው ነው።

"ምንም ቀዳዳ የሌለባት በአምስት ቀን ትመለሳለች። ሦስት ቀዳዳ ያለባት አሥራ ሁለት ቀን፣ አሥራ አምስት ቀን። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። የሚታመሙትም፣ የሚሰበሩትም እነዚያው ሦስት ቀዳዳዎቹ ናቸው።"

"ስንት ናቸው?"

"ሦስት መቶ አርባ ስድስት።"

ሩታ ባዶ እግሯን ቆመች። "ጋሽ ወልዴ፣ ይሄ እኮ ዳታ ነው! የስድስት ዓመት ዳታ! ለምን ብለው ሰበሰቡት?"

"ለክርክር።"

"ከማን ጋር?"

"ከሻምበል ግሩም።"

"መቼ ነው ክርክሩ?"

ወልደ ኢየሱስ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። "ገና አልጠራኝም" አለ።

ተስማሙ። ምልምሎቹ ጫማ ሊያሰፉ ሲመጡ ሩታ አጠገባቸው ትቀመጣለች፣ ፈቃዳቸውን ትጠይቃለች፣ ቅጿንም ትሞላለች። ወልደ ኢየሱስ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። "ኅዳር አሥራ ሁለት ሪፖርቱን ስታነቢ የማን ሥራ እንደሆነ ስሜን ትጠሪያለሽ። ሻምበል ደግሞ እዚያው ቆሞ 'ተሳስቼ ነበር' ይላል።"

"ስምዎን እጠራለሁ። ሁለተኛው ግን በእኔ እጅ አይደለም።"

"እሱ የእኔ ነው። አንቺ ብቻ ፊት ለፊቴ አስቀምጪልኝ።"

ከዚያ ወሬው እንደ ቧንቧ ተከፈተ። መጀመሪያ የመጣው ቤኪ የሚባል የኮተቤ ልጅ ነው። "ጋሼ ሙት፣ ጭንቀት ምናምን እኔ ጋ የለም" አለ ጫማውን ሲፈታ። ሁለተኛውን እግሩን ሲያወልቅ "ሃኒ ብሎክ አድርጋኛለች" አለ። ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ በደበቀው ስልክ ፎቶዋን ሲያይ እንደሚያነጋ፣ ከመጣ ሦስት ጊዜ ጉንፋን እንደያዘው ተናገረ። "ሻምበል ፓናዶል ጋ ሄጄ ነበር። ምን ሰጠኝ መሰለህ?"

"ፓናዶል።"

"እንዴት አወቅክ?"

ወልደ ኢየሱስ በሳቅ ወስፌው ከእጁ ወደቀ። ግሩም በግቢው ሁሉ "ሻምበል ፓናዶል" ይባላል። የሚወጣው ምልምል ለሚገባው እንደ ብርድ ልብስ ያስረክበዋል። ይህን ስም ማን እንዳወጣው ከምልምሎቹ የሚያውቅ የለም። ወልደ ኢየሱስ ግን ስሙን በሰማ ቁጥር "ያወጣውን አፍ ቁርጥማት አይንካው" ብሎ ይመርቃል።

ረዳ የሚባለው ምልምል ደግሞ መጀመሪያ አላወራም። ቁስሉ አሥራ አራተኛ ቀኑ ነበር። ታኮው ተቸንክሮ ሲያልቅ ልጁ "እናቴ እኔ ወታደር ቤት መግባቴን አታውቅም። ፋብሪካ ተቀጠርኩ ነው ያልኳት" አለና አፍንጫውን ጠረገ። ወልደ ኢየሱስ ቆዳው ላይ ሦስተኛዋን ቀዳዳ በሳ።

ኢቲቻ የሚባለው ግን ቀዳዳ የሌለበት ሰው ነበር። ሩታ ስልሳ ሁለቱንም ጥያቄ ጠየቀችው።

"ትተኛለህ?"

"ራሴን ሳሳርፍ ነው የምተኛው። እንዲያውም ትራሱ ጋ ሳልደርስ።"

"የሚያሳስብህ ነገር?"

ኢቲቻ በጣም አሰበ። "ምሳ" አለ። "አንዳንዴ ይዘገያል።"

ግሩም ነገሩን ሰምቶ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመ። "እዚህ ምንድን ነው የሚካሄደው? የጤና ጥያቄ የሚጠየቀው በክሊኒክ በኩል ነው!"

ወልደ ኢየሱስ ይህችን ቀን ስድስት ዓመት ጠብቋታል። ቀስ ብሎ ማስቲሹን ከደነ። "ሻምበል፣ ጫማ የእኔ፣ እግር የእርስዎ። ይሄ ጫማ ቤት ነው።"

የግሩም ፊት ተለዋወጠ። ዞሮ ሄደ። ሲሄድ ቀኝ እግሩን ትንሽ ሸሸግ እያደረገ ይረግጥ ነበር። ወልደ ኢየሱስ አይቶታል። የጫማ ሰፊ ዐይን አያርፍም። ግን ለሰዳቢ ቁስል ምን ይጨነቃል?

የመጨረሻው ቀን ሩታ ቅጿን ሰብስባ ስታበቃ አንድ ባዶ ቅጽ ቀራት። "እርስዎስ ጋሽ ወልዴ?"

"እኔ? ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"አውራ ጣትዎ ላይ ያለው ፋሻ ምንድን ነው?"

"ወስፌ ወጋኝ።"

"መቼ?"

"መስከረም።"

ሩታ ሁለት ወር በጣቷ ቆጠረች። "ጋሽ ወልዴ" አለች፣ "ጫማዎን ያውልቁ።"

ሰው በሚያጠምድበት ወጥመድ መያዙ አይቀርም። ጫማውን አወለቀና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከአምስተኛ ክፍሉ መምህር ጀምሮ እስከ ግሩም ድረስ፣ ወሩን ከነቅዱሱ፣ ቃሉን ከነምስክሩ ዘረዘረ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የሩታ እስክሪብቶ አለቀ፤ ከቤኪ ተዋሰች። ሲጨርስ በጣም ቀለል ያለው መሰለው። እሷ ግን ሽቦውን አሻቅባ አየች።

"ለራስዎ ቁራጭ ቆዳ ቢቆርጡ ስንት ቀዳዳ ይበሱበት ነበር?"

ወልደ ኢየሱስ ጫማውን አደረገና ወደ ቤቱ ሄደ። ማታ እራት ላይ ለፈትለወርቅ ነገራት።

"ጥቅምት ሃያ ሰባት፣ መድኃኔ ዓለም። ዶክተር ሩታ።"

"እሷ ደግሞ ምን አለችህ?"

"ጠየቀችኝ።"

"መጠየቅ ስድብ ነው?"

"እንዴት አድርጋ እንደጠየቀችኝ ብታይ!"

ኅዳር 12 ደረሰ፤ ሐሙስ ነበር። ግቢው እንደ ልማዱ ከንጋት ጀምሮ በጭስ ታፍኗል። የማሰልጠኛው አዛዥ ኮሎኔል ዓለሙ ምልምሎቹን መመገቢያ አዳራሽ ሰብስበዋል። ወልደ ኢየሱስ የሠርጉን ኮት ለብሶ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ የግሩም ማጅራት ነበር። ሩታ ቃሏን ጠብቃለች።

ሩታ አቀረበች። የማይተኛ፣ የሚያጨስና ሐሳብ የያዘው ምልምል ከሌላው ይልቅ እንደሚታመም፣ ቁስሉ እንደሚዘገይ፣ አጥንቱም እንደሚጎዳ በቁጥር አሳየች። ሽቦው ከነቆዳው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ኮሎኔሉ አንዷን አንስተው በቀዳዳዋ አሻግረው አዩ። "እንግዲህ በመኝታ ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ይጨመራል" አሉ። "በሦስተኛው ሳምንት የዳገት ሩጫ ይቀንሳል። በሳምንት አንድ ቀን ቤተሰብ ጋ ስልክ ይደወላል።" ምልምሎቹ ጣራው እስኪነሳ አጨበጨቡ። ኢቲቻ እጁን አውጥቶ ስለ ምሳ ጠየቀ።

"ይህን ጥናት የሠሩት" አለች ሩታ፣ "አቶ ወልደ ኢየሱስ ናቸው። እኔ ጸሐፊያቸው ነበርኩ።"

ሁለት መቶ ሰው ወደ እሱ ዞረ። ወልደ ኢየሱስ አንዱንም አላየም። ያየው ማጅራቱን ነው። ማጅራቱ ይዞራል ብሎ ጠበቀ። ማጅራቱ ግን ተነሳ፤ ኮፍያውን አደረገ፤ በጭብጨባው መሐል ወጥቶ ሄደ።

ወልደ ኢየሱስ ደሙ ፈላ። በአንድ ቀን ሁለት በዓል! ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ተመልሶ፣ ሽርጡን በሠርግ ኮቱ ላይ አስሮ፣ አንድ ታኮ ላይ መዶሻ ማውረድ ጀመረ። ታኮው ምንም አልበደለም።

በሩ ጨለም አለ። ጭስ ውስጥ ግሩም ቆሟል።

"ጋሽ ወልዴ" አለ። በስድስት ዓመት ውስጥ "ጋሽ" ሲለው የመጀመሪያው ነው።

"አቤት ሻምበል።"

"ጫማዬን ባወልቅ ቅር ይልዎታል?"

ሳይጠብቅ ተቀመጠና ቀኝ ቡትሱን ጎትቶ አወጣ። ተረከዙ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ያህል ቁስል ነበር፤ ዙሪያው የቀላ።

"ስንት ቀኑ ነው?"

"ሃያ ሦስት።"

"ስኳር?"

"ተመርምሬያለሁ፤ የለብኝም። ያልተመረመርኩት ነገር የለም።"

ወልደ ኢየሱስ ቁራጭ ቆዳ አንስቶ መሐሏን በሳ። "እንቅልፍ?" "የለም።" አንድ ቀዳዳ። "ያጨሳሉ?" "ከባሕር ዛፉ ጀርባ።" ሁለት። "ሆድዎ ውስጥ ሰው አለ?"

ግሩም በባዶ እግሩ ጣቶች መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። "እሱን ልነግርዎት ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ግን የኢታናን ነገር ልጨርስ። ተሳስቼ ነበር።"

ወልደ ኢየሱስ ወስፌውን ያዘው እንጂ ሌላ ነገር አላደረገም። መጣች። ያቺ ቃል እንዲህ ብላ፣ ያለ አርባ ምስክር፣ በአንድ እግር ጫማ መጣች።

"ልጁ በቃሬዛ ሲወርድ ነው የገባኝ" አለ ግሩም። "በር ላይ ቆመው አየሁዎት፤ ቀና ማለት አቃተኝ። ለእሱ አሁንም በየወሩ እደውልለታለሁ። ሱሉልታ ወተት ያመላልሳል። እግሩ ድኗል። ያችን ልጅም አገባት።"

ወልደ ኢየሱስ ደንገጥ አለ። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ኢታና አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። ልጁ የስድቡ መነሻ ሆኖ ቀርቶ፣ እግር ያለው ሰው መሆኑን ረስቶታል።

"አሁን የእኔን ይስሙኝ" አለ ግሩም። "ያን ቀን ምን ብለው እንደመለሱልኝ ያስታውሳሉ?"

"እኔ? አላስታውስም።"

"ኅዳር ሚካኤል። ረቡዕ። አራት ሰዓት ከሩብ። ከሮቶው በስተግራ። አርባ ምልምል ፊት።" ግሩም ትንፋሹን ሳበ። "'አንተን ብሎ ሐኪም! አንተ የፓናዶል ዘበኛ ነህ!' አሉኝ።"

ወስፌው ቆመ።

"አርባዎቹ ሳቁ። በማግስቱ ሻምበል ፓናዶል ሆንኩ። እነዚያ ሲወጡ ለሚመጡት አስረከቡኝ፤ ይኸው ስድስት ዓመት። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ 'አባዬ፣ ፓናዶል አንተ ነህ?' አለችኝ። ለማዕረግ ስቀርብ ስሜ ሲነበብ ከኮሚቴው አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ዛሬም ሻምበል ነኝ። ኅዳር በተቃረበ ቁጥር አንድ ነገር ያመኛል። አምና ጨጓራዬ ነበር፤ ዘንድሮ ተረከዜ።"

ከውጭ የምልምሎቹ ሳልና ሳቅ ይሰማል። አንዱ "ሻምበል ፓናዶልን ያያችሁ?" ብሎ ይጣራል። ወልደ ኢየሱስ ያንን አፍ ስንት ጊዜ እንደመረቀ ትዝ አለው። ቁርጥማት አይንካው ብሎ ነበር። ጉንጩ ውስጥ አንዲት ጥርስ ወጋችው።

"የወጋ ቢረሳ..." አለ ግሩም፤ አልጨረሰውም። ተረቱን ሁለቱም ያውቁታል። "እኔ ያለብኝን ብያለሁ። አሁን እርስዎ ይበሉኝ። ሁለት ቃል ናት።"

ወልደ ኢየሱስ ለዚህ ቀን አራት ዓይነት መልስ አዘጋጅቶ ነበር። ግሩም ቢያለቅስ የሚለው ነበረው። ሽማግሌ ቢልክ የሚለው ነበረው። በደብዳቤ ቢመጣ የሚለው ነበረው፣ በሕዝብ ፊት ቢሆንም እንዲሁ። ተራው የእሱ ቢሆን የሚለው ግን አንድም አልነበረውም።

ሦስተኛዋን ቀዳዳ በሳ። ቆዳዋ ላይ "ግሩም" ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ "ኅዳር 12" አለ። ቡትሱ ውስጥ አስገብቶ በአውራ ጣቱ፣ በዚያው ባልዳነው፣ ደህና አድርጎ ለጠፋት። ቡትሱን ከግሩም ባዶ እግር አጠገብ አኖረ። አፉን ከፈተ። ቃሏ ጉሮሮው ላይ ነበረች፤ የራሱ ናት፣ ስድስት ዓመት ያውቃታል። ሳል መጣበት። ስሎ ሲያበቃ አፉን ዘጋው።

ሽርጡን ፈትቶ ምስማሩ ላይ ሰቀለ።

"ጋሽ ወልዴ?" አለ ግሩም፣ በአንድ እግሩ እየቆመ።

ወልደ ኢየሱስ በአጠገቡ አልፎ ወደ ጭሱ ወጣ። ምልምሎቹ ከቅጠሉ ክምር ዙሪያ ሆነው "ጋሼ ወልዴ! ጋሼ ወልዴ!" እያሉ አጨበጨቡለት። አላያቸውም። ሮቶውን በስተግራ ትቶ፣ የሠርግ ኮቱን ቆልፎ፣ ዐይኖቹን በእጁ ጀርባ እየጠረገ ወደ ኮተቤ መንገድ ቁልቁል ወረደ።

"ኧረ ሁለት ቃል ናት!" አለ ግሩም ከበሩ።